የደንገጎ ጂን፣ ቀን ይሁን ማታ ያልታወቀው 2 ሰዓት እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው የትራፊክ አደጋ የትና እንዴት እንደደረሰ በደንብ ይመዝገብ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ መልእክት ደረሰኝ። ግማሹ ስድብ ነው፣ እሱን ለላኪዎቹ መልሼያለሁ። የቀረውን አሳጥሬ አቀርባለሁ። አንዳንዶቻችሁ እኮ የምትልኩት ጥያቄ ሳይሆን የሕይወት ታሪክ ነው።

ገንደ ቆሬ አካባቢ ሞተር የሚነዳ ልጅ፦ በዚህ የድሬ ሙቀት ሄልሜት ማድረግ ጭንቅላትን መቀቀል አይደለም ወይ?

አቦ፣ ይሞቃል። አድርገው። ማሰሪያውንም እሰረው።

የሐረር መስመር የሚሠሩ ሹፌር ረዘም ያለ ነገር ጽፈዋል። ጭብጡ ይሄ ነው፦ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ሁሌ ያው ቦታ ነው መኪና የሚገለበጠው። የሰው ሥራ አይደለም፣ ጂን አለበት። ቁጥር ከመሰብሰብ ዱዓ ቢደረግ፣ ጠበልም ቢረጭ ይሻላል።

ጋሼ፣ ዱዓውም ጠበሉም ይሁን፣ እኔ ማን ነኝና እከለክላለሁ። ግን ዋናውን ነገር እርስዎ ራስዎ ተናግረውታል። ሁሌ ያው ቦታ ከሆነ ጥፋቱ የሹፌር ብቻ ሊሆን አይችልም። ሹፌሩ በየቀኑ ይለያያል። የማይለወጠው መንገዱ ነው።

ድሬ ያለችው ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደንገጎ አናት ላይ ሲደርሱ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ጢም ብሎ የተጫነ አይሱዙ በፍሬን ብቻ ልውረደው ካለ ፍሬኑ ይግላል፤ አንዴ ከጋለ በኋላ ፔዳሉን ወለል ድረስ ቢረግጡትም አይዝም። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቶ፣ የሚለቀውማ ሞተሩ ሊይዝለት የሚችለውን ጉልበት በገዛ እጁ ጥሎታል። ከዚያ "ፍሬን እምቢ አለኝ" ይባላል። እምቢታው የታየው ታች ኩርባው ጋ ነው፣ የተጀመረው ግን ላይ፣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ነው። ይህን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

አሁን ይህ ሁሉ ነገር መዝገብ ላይ ሲሰፍር ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ቦታ፦ ደንገጎ። ምክንያት፦ ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር። አለቀ። ደንገጎ ግን አንድ ቦታ አይደለም፣ ኩርባ በኩርባ ላይ ነው። የትኛው ኩርባ ነው? እየወረደ ነበር ወይስ እየወጣ? ጭነት ነበረው ወይስ ባዶ ነበር? ፕላን የሚያነሳው ትራፊክ እኮ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይሠራል። ፀሐይ አናቱን እየመታው ሜትር ይዘረጋል፣ የጎማውን ጭረት ይለካል፣ ቀስት እያደረገ ንድፉን ይስላል። ግን ያ ወረቀት የሚሄደው ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ኢንሹራንስ ነው። ማን ይከፍላል፣ ማን ይከሰሳል የሚለው ሲታወቅ ፋይሉ ይዘጋል። መንገድ የሚሠራው መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጥፋተኛ ለመፈለግ የተሰበሰበ መረጃ ጥፋተኛ ያገኛል፣ መንገድ አይጠግንም። ዊልያም ሃዶን የሚባል ሐኪም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ለመንገድ ደህንነት ባቋቋመችው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ የሆነው። ይሄ ሰው አደጋን በሦስት ከፈለው፦ ከመድረሱ በፊት፣ በደረሰበት ቅጽበት፣ ከደረሰ በኋላ። በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ ሰውየውስ፣ መኪናውስ፣ አካባቢውስ ብሎ ይጠይቃል። ሦስት በሦስት፣ 9 ሳጥን። የኛም የፖሊስ ቅጽ የመንገዱን ሁኔታና የብርሃኑን ሁኔታ ይጠይቃል፣ ልቀጥፍ አልፈልግም። ነገር ግን ስብሰባ ላይ የሚነበበው ሪፖርት ሲመጣ 8ቱ ሳጥን ይረሳና "የአሽከርካሪዎች ሥነ ምግባር" ብቻ ይቀራል።

ስልክ በሁላችንም ኪስ አለ። አደጋው የደረሰበትን ቦታ በጂፒኤስ መያዝ የደቂቃ ሥራ ነው። ስልክ እንኳ ባይኖር ከኪሎ ሜትር ድንጋዩ ስንት ሜትር ይርቃል ብሎ መጻፍ ይቻላል። የሦስት ዓመት አደጋ ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ቢቀመጥ የጂኑ አድራሻ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ሥራ ነው፦ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ መኪና ቆሞ ፍሬኑን የሚያይበት ቦታ፣ የብረት አጥር፣ ፍሬን ለከዳው መኪና በአሸዋና በጠጠር የተሞላ ዳገታማ ማምለጫ። ሁሉም ገንዘብ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የት እንደሚሠራ ማወቅ ግድ ነው። እስከዚያው እርስዎ በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፣ ለረዳትዎም ያስተምሩት።

ከከዚራ፦ ይሄን ሁሉ ከማውራት ካሜራ ቢተከል አይሻልም?

ይተከል። የት?

አሁን የምመጣበት ደብዳቤ ቀልድ የለውም። የመጋላ ነዋሪ የሆነች እህታችን ናት። ባሏ ከስልሳ በላይ ናቸው። ከሱብሂ ሰላት ሲመለሱ የማይታወቅ መኪና ገጭቷቸው አምልጧል። ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ያኔ ጭንቅላታቸው ትንሽ ተፈንክቶ ስለነበር "ቀላል ጉዳት" ተብሎ ተመዘገበ። አሁን ራሴን ያመኛል ይላሉ፣ እንቅልፍ ያበዛሉ፣ የሻይ ብርጭቆ ከቀኝ እጃቸው ይወድቃል። እሷ የምትጠይቀው "ቀላል" የተባለው "ከባድ" ተብሎ ሊስተካከል ይችላል ወይ ነው።

እህቴ፣ ወረቀቱን ተይው። ይህን ስታነቢ ሐኪም ቤት ካልሄዱ አሁን ተነሱ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ራስ ምታት፣ ድብታ፣ የአንድ ጎን መድከም፣ ያልሽው ሁሉ አለበት። ጤና ጣቢያ ማስታገሻ ሰጥተው ቢሸኟችሁ አትመለሱ፣ ወደ ሆስፒታል ጻፉልን በሉ። መመታታቸውን፣ መቼ እንደተመቱና እጃቸው መድከሙን ሳትጠየቂ ተናገሪ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ንገሪያቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ለዚህ ነው እንዲህ የምጨቀጭቅሽ።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ይመጣል። ገጪው ባይታወቅም ለእንደዚህ ዓይነት ተጎጂ ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፣ አሁን የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ነው። የፖሊስ ሪፖርትና የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል። ጊዜ ሳትፈጂ ልጆችሽን ላኪያቸው። መዝገቡም እንዲስተካከል ጠይቂ፣ ለካሣው ብቻ ሳይሆን እውነት ስለሆነ።

ይህ ደብዳቤ ወደሚቀጥለው ይወስደኛል። አንድ ተጠራጣሪ አንባቢ እንዲህ ይላል፦ በየዓመቱ አደጋ በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ ይሉናል። እኔ ግን ለቅሶ ሲቀንስ አላየሁም። ማን ነው የሚዋሸው?

ማንም ላይዋሽ ይችላል። መጀመሪያ ከምን ላይ ነው የቀነሰው በል። ሞት ነው? ወይስ የተሰባበረ ስፖኪዮም ተቆጥሮ ነው? ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ራሱ ስንት ነው? በአንድ ወረዳ አምና 4 ሰው ሞቶ ዘንድሮ 3 ቢሞት በ25 በመቶ ቀነሰ ይባላል፣ ይጨበጨባል። የሚቀጥለው ዓመት አንድ ሚኒባስ ቢገለበጥ ያ ሁሉ ጭብጨባ ገደል ገባ። ትንሽ ቁጥር ላይ በመቶ ማስላት ሰው ያሳስታል፣ የበርካታ ዓመት አንድ ላይ ካልታየ።

ሦስተኛው የባሰው ነው። በዓለም ደረጃ በተለመደው አቆጣጠር አንድ ሰው አደጋ በደረሰበት በ30 ቀን ውስጥ በዚያው ጉዳት ከሞተ የመንገድ አደጋ ሟች ተብሎ ነው የሚቆጠረው። እኛ ጋ ግን ትራፊኩ ቦታው ላይ "ከባድ ጉዳት" ብሎ የጻፈው ሰው ሆስፒታል ገብቶ በ9ኛው ቀን ቢያርፍ ማን ተመልሶ መዝገቡን ያስተካክላል? ሆስፒታሉ በበኩሉ "አር ቲ ኤ" ብሎ ጽፎታል፣ የትራፊክ አደጋ ለማለት ነው። የት እንደተገጨ አልጻፈም። ፖሊስ ቦታውን ያውቃል፣ መጨረሻውን አያውቅም። ሆስፒታል መጨረሻውን ያውቃል፣ ቦታውን አያውቅም። ሁለቱ መዝገቦች አይተዋወቁም። ስዊድኖች የፖሊሱንና የሆስፒታሉን አንድ ቋት ውስጥ ከትተውታል። እኛ ጋ ሁለት መዝገብ ያዥ በወር አንዴ ቡና ላይ ቢገናኙ እንኳ ትልቅ ነገር ነበር።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው ላልከኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ላይ ለ2016 ከኢትዮጵያ የተመዘገበው ሞት 4,352 ነበር። ድርጅቱ ራሱ የገመተው ደግሞ 27,326። ግምት ግምት ነው፣ ሊከራከሩበት ይቻላል። ግን ግምቱ ስድስት እጥፍ የሚርቅ ከሆነ የ3 እና የ5 በመቶ ቅናሽ ላይ ከበሮ ባንመታ ጥሩ ነው።

ሐረር የምታስተምር መምህርት፦ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ልጆች በየቀኑ ለጥቂት ይተርፋሉ። ጉብታ ይሠራልን ብለን ጠየቅን፣ "እስካሁን የደረሰ አደጋ የለም" ተባልን። ልጅ እስኪሞት እንጠብቅ?

አትጠብቂ። እንዲህ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ሰው ጋ በለቅሶ ሳይሆን በደብተር ነው የሚኬደው። አንድ ደብተር ለጥበቃው ስጪው። ልጆች ሲገቡና ሲወጡ ብቻ፣ ለአንድ ወር። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ የት ላይ። "ባጃጅ ከዳገቱ ወርዶ ሲጢጥ አለ፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ከውኃ መውረጃው አጠገብ" እንዲህ ይጻፍ። የታርጋ ቁጥር አያስፈልግም፣ ሰው መክሰስ አይደለም ሥራችሁ። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ ሁለት ምልክት መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው መኪና በስንት ሰከንድ እንደሚያልፈው ይቁጠሩ። ከመንገዱ ዳር ርቀው፣ ከአስተማሪ ጋር ብቻ! 50 ሜትር በ3 ሰከንድ የሚያልፍ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። የሒሳብ ትምህርትም ይሆናል።

ከዚያ ለወረዳው፣ ለትራፊክ ጽሕፈት ቤትና ለመንገዶች መሥሪያ ቤቱ በሦስት ኮፒ አስገቢ፣ የተቀበለበትን ማኅተም አስመቺ። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት 5 በመቶ ቢቀንስ ገዳይ አደጋ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ይላል፣ ደብዳቤው ላይ ጨምሪው። ጉብታውን ግን ራሳችሁ በሲሚንቶ እንዳትሠሩት። ሳይቀባና ያለ ምልክት የቆመ ጉብታ ማታ ሞተረኛ ይገድላል። እሱን ለመሐንዲስ ተዉት።

ስሙን ያልጻፈ፦ አደጋ ቦታ ላይ ቪዲዮ መቅረጽ ለመረጃ አይጠቅምም?

መጀመሪያ እርዳ። ከዚያ መንገዱን ቅረጽ፣ ጭረቱን፣ የተሰበረውን አጥር፣ መብራት አለመኖሩን። የወደቀውን ሰው አትቅረጽ። እናቱ ቲክቶክ ላይ ነው የምታየው።

የመጨረሻው፣ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ለመመረቂያ ጽሑፉ የአምስት ዓመት የአደጋ መዝገብ ከፖሊስ ሊገለብጥ ነው። ምን ምክር አለህ ይላል፣ "በአጭሩ" ብሎ። በአጭሩ አይሆንም ወንድሜ።

ደብዳቤህን ከዲፓርትመንትህ አጽፍ፣ ያለ እሱ አትሂድ። የሰው ስምና ታርጋ አትገልብጥ፣ አያስፈልግህም። ከመጀመርህ በፊት ባዶውን ቅጽ ጠይቀህ ውሰድ፣ ምን ምን እንደሚጠየቅ እይ። ከዚያ የመዝገቡን ባለቤት፣ ብዙ ዓመት ያገለገለውን ሳጅን፣ ሻይ ጋብዘህ እያንዳንዱ ዓምድ እንዴት እንደሚሞላ ጠይቀው። "ሌላ" የሚለው ሳጥን ለምን እንደበዛ የሚነግርህ እሱ ነው።

አሁን ስለ ሰዓት። መዝገቡ ላይ "2 ሰዓት" የሚል ታገኛለህ። ቀን ነው ማታ? አንዳንዱ "ከጠዋቱ" ይላል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። እሱን 2:00 ብለህ ኤክሴል ውስጥ ስትከተው ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ሌሊት ያደርገዋል፣ በኛ 8 ሰዓት ሌሊት ማለት ነው። ከዚያ "አብዛኛው አደጋ በውድቅት ይደርሳል" የሚል ግኝት ይዘህ ትመረቃለህ። እውነቱ ግን ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ ቀፊራ ተገበያይቶ፣ መብራት በሌለበት ዳር እየተራመደ የተገጨበት የምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። አንዱ መንገዱ መብራት ይፈልጋል ያሰኛል፣ ሌላው ሹፌሩ አንቀላፋ። ስለዚህ ሰዓቱን እንደተጻፈ በአንድ ዓምድ፣ ቀን ወይስ ማታ የሚለውን በሌላ ዓምድ፣ የቀየርከውን በሦስተኛ አስቀምጥ። ያልታወቀውን "ያልታወቀ" በል፣ አትገምት።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ጳጉሜን 3ን ኤክሴል አያውቃትም፣ ወይ ይከለክልሃል ወይ ዝም ብሎ ሌላ ነገር ያደርጋታል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ለየብቻ ጻፍ። ሪፖርቶቹ ከሐምሌ እስከ ሰኔ እንደሚቆጥሩም አትርሳ፣ ከዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጥ ዓመቱ አይገጥምም።

የቦታ ስሞችን ደግሞ አንድ አድርጋቸው። "ሳቢያን"፣ "ሳብያን"፣ "ሳቢያን ገበያው ጋ" የሚሉትን ኮምፒውተሩ ሦስት ሰፈር ያደርጋቸዋል። የፈረሰ ሱቅና ስሙ የተቀየረ ሆቴል ምልክት ተደርጎ የተጻፈበትን ደግሞ የሰፈሩን ሰው ጠይቅ፣ የባጃጅ ሹፌሮች ሁሉንም ያውቃሉ። ስለ ስታቲስቲኩ አማካሪህን አናግር፣ ያ የሱ ሥራ ነው። ስትጨርስ ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትመህ አንዱን ለፖሊስ፣ አንዱን ለመንገዶች፣ አንዱን ለሆስፒታሉ ስጥ። ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠኸው እንዳትሄድ።