ቅዳሜሽን በነጻ አትስጪ

ከአዳማ ለጻፍሽልኝ የፊዚክስ መምህርት፦

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጎማ ባላት ትንሽ ሮቦት ላይ ጋይገር ቆጣሪ፣ ማለትም ጨረር ሲያገኝ ጠቅ የሚል መለኪያ፣ ጭነሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆችና ወላጆች ስለ ጨረር ታስተምሪያለሽ። ልጆቹ በላስቲክ ታሽጎ ካርቶን ሥር የተደበቀውን፣ በድሮ ማሾ ላይ ይታሰር የነበረ ቶሪየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት ጨርቅ፣ ሮቦቷን እየነዱ በጠቅታዋ ያገኙታል። አሁን ከትምህርት ቤት ለቀሽ ሙሉ ጊዜሽን ለዚህ ልታውዪ አስበሻል። እናትሽ ደግሞ «በአሻንጉሊት ዕድሜሽን አትፍጂ፣ አክስትሽ ያገኘችልሽ ባንክ ግቢ» ይላሉ።

ከእናትሽ ልጀምር። ግማሽ እውነት አላቸው። አንድ ዓመት ሙሉ የቆጣሪውን ቱቦም ባትሪውንም ከደመወዝሽ እየገዛሽ በነጻ ያደረግሽውን «ሥራ ነው» ብለሽ ልታሳምኛቸው አትችይም፤ እኔንም አታሳምኚኝም። ሌላው ግማሽ ግን በደብዳቤሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነው፤ የባንኩ ደመወዝ ለታላቅ ወንድምሽ የኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ታስቧል። ወንድምሽ ደግሞ ሥራ አለው። ታዲያ በእሱ ቤት ምክንያት አንቺ ሙያሽን የምትጥዪው በየትኛው ሒሳብ ነው? እናትሽን በአስቤዛ እርጂ፣ ይገባል። የወንድምሽን ቤት ግን ወንድምሽ ይክፈል። ይህንንም ራስሽ ፊት ለፊት ንገሪያቸው፤ አክስትሽን አትላኪ።

ቢሆንም ከማስተማሩ አትልቀቂ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን ወር ሲደርስ ይመጣል። ወርክሾፕ ክረምት ላይ ይሞላል፤ በፈተና ሰሞን ማንም ዝር አይልም። የግል ትምህርት ቤቶችን በተማሪ ቁጥር አስከፍዪ። ለሰፈሩ ልጆች በወር አንድ ቅዳሜ ይበቃቸዋል።

«ልጆቹ ስለ ሞተሩ እንጂ ስለ ጨረሩ አይጠይቁም» ያልሽው ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። ሮቦቷ ለምን እንዳስፈለገች አልነገርሻቸውማ! እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ውስጥ በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ጊዜ፣ ከጨረሩ የተነሳ ሰው ሊቆይበት በማይችልበት ሕንጻ ውስጥ ሮቦት ነው የገባው። ከዚያ ጀምሪ። ቀጥለሽ ሮቦቷን ከጨርቁ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ አቁሚና ለጥቂት ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ጨርቁ በሌለበት የሚቆጠረውንም ይቀንሱ። 20 ላይ ሲደግሙት ቁጥሩ ወደ ሩብ ይጠጋል። እኔ ይህን ቀመር፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ሩብ ይሆናል የሚለውን፣ 9 ዓመት በጠመኔ ስጽፍ አንድም ተማሪ «ለምን?» ብሎኝ አያውቅም። ለራሴም የገባኝ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል ከተቀጠርኩ በኋላ፣ ካንሰርን በጋማ ጨረር የሚያክመው የኮባልት ማሽን ሲሠራ ከወፍራሙ ግድግዳ ጀርባ ስቆም ነው።

ኑክሌር ሲባል ለሚሸሹት ወላጆች የቃሊቲውን የቆላ ዝንብ ማምከኛ ማዕከል ሥራ አውሪላቸው፤ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ ወንዱ በጋማ ጨረር እንዲመክን ተደርጎ ይለቀቃል፣ የተገናኛት ሴት አትራባም። ከብት ያረባ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛ ዲግሪ? አዎ፣ የሕክምና ፊዚክስ ወይም የጨረር ጥበቃ ይሁን። ሁለቱም ሆስፒታል ደጅ ያደርሱሻል። እንግሊዝኛሽ ይበቃል።

እስከ ፊታችን ቅዳሜ ግን ቱቦው የሚሠራበትን 400 ቮልት ገደማ የሚያመነጨውን ሰርኪዩት በፕላስቲክ ሸፍኚው። ጨርቁም ከላስቲኩ እንዳይወጣ፤ ሲፈረፈር ብናኙ ይተነፈሳል።