«አጉ» ሲል «አጉ» ብንለው ኮልታፋ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ወንድ ልጄ 8 ወር ሆኖታል። አማቴ ሊያዩት ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረውን ከርመዋል። ልጁ «አጉ» ሲል እሳቸውም «አጉ» ይላሉ። «በበበ» ሲል «በበበ» ይላሉ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ባለቤቴ በዚህ ይናደዳል። «እማዬ፣ ልጁን ኮልታፋ ታደርጊዋለሽ፤ እንደ ሰው አናግሪው» ይላቸዋል። እኔ መሀል ላይ ቀርቻለሁ። በዚያ ላይ ምግብ ስሠራ ስልኬ ላይ የልጆች መዝሙር ከፍቼ ፊቱ አቆምለታለሁ። ከዚያስ ቋንቋ ይማራል?
የ8 ወር ልጅ እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ለአማትሽ ቡና አፍዪላቸው። የሚያደርጉት ትክክል ነው። ባልሽም ጨርሶ አልተሳሳተም፤ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው የተጨነቀው።

ብዙ ሰው ሕፃን እናቱን እየኮረጀ አፉን የሚፈታ ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን በብዛት የምትኮርጀው እናት ናት። ክትባት ክፍል ስሠራ በየቀኑ አየው ነበር። የ45 ቀን ክትባት ወረፋ የያዘች እናት፣ ልጇ አፉን ሲከፍት ሳይታወቃት አፏን ትከፍታለች። «እንግ» ሲላት «እንግ? እንዲህ ነው እንዴ? ከዚያስ?» ትለዋለች። ማንም አላስተማራትም። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ አይኗን ያያል፤ ከዚያ እንደገና «እንግ» ይላል። ወሬ ማለት ይሄ ነው፤ የጎደለው ቃሉ ብቻ ነው።

አራሶችስ ይኮርጃሉ? እ.ኤ.አ. በ1977 ሜልትዞፍ እና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከ12 እስከ 21 ቀን የሆናቸው ሕፃናት ሰው ምላሱን ሲያወጣላቸው እነሱም እንደሚያወጡ ጻፉ። ጉድ ተባለ። እኔም ይህን ተምሬ ስለነበር የበኩር ልጄን ገና አራስ ቤት ሳለሁ ምላሴን እያወጣሁ አሰለቸሁት። እሱ አዛጋ። እናቴ ገንፎ ይዛ ስትገባ አይታኝ «ምን ነካሽ? ምን በደለሽና ምላስ ታወጪበታለሽ?» አለችኝ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 አውስትራሊያ ውስጥ 106 ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ወጣ። አራሶች ይኮርጃሉ የሚያሰኝ ነገር አላገኘም። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። ልጄ ግን ብቻውን እንዳልነበረ አውቄ ደስ ብሎኛል።

ያንቺን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ሌላ ሙከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ። ልክ ያንቺን ልጅ የሚያህሉ የ8 ወር ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር መጫወቻ ክፍል ገቡ። እናቶቹ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ነበር። ለአንዱ ቡድን፣ ልጁ ድምፅ ባወጣ ቁጥር ወዲያው «ፈገግ በዪለት፣ ጠጋ በዪው፣ ንኪው» ይባላሉ። ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ያሉት እናቶችም ያንኑ ፈገግታና ያንኑ ንክኪ ይሰጣሉ፤ ግን ልጁ ከሚያወጣው ድምፅ ጋር በማይገጥም ጊዜ። ወዲያው መልስ ያገኙት ልጆች እዚያው ጨዋታ ላይ እያሉ ድምፃቸው ወደ ንግግር ቀረበ። የሌሎቹ አልተለወጠም። ፈገግታው እኮ እኩል ነበር። ልጆቹ «ድምፄ ሰው ያመጣል» የሚለውን ነው የያዙት።

ስለዚህ አማትሽ አይቁሙ። አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ። «በበበ» ሲል «በበበ!» ይበሉትና አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብለው ይጠብቁት። ተራው የሱ ነው። ቀጥሎ ከሱ ድምፅ ቃል ያውጡለት፤ «በበበ! በጉን አየኸው? በግ!» ወይም «ባባ! አባባ መጣ!»። አሁኑኑ «በግ» እንዲል አትጠብቁ። እሱ በዚህ ዕድሜ የሚወስደው የድምፁን አካሄድ ነው፤ ቃሉ ይደርሳል።

አሁን ወደ ባልሽ። የ8 ወር ልጅ አይኮላተፍም፤ የሚያኮላትፈው ቃል ገና የለውም። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን «ቆሎ»ን «ኮሎ» ሊል ይችላል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ ለትንሽ አፍ ከባድ ናቸው። የኔው ልጅ ጠጅን «ተጅ» ይላት ነበር (ከየት እንደሰማት አትጠይቂኝ)። የባልሽ ምክር የሚሠራው ያኔ ነው። «ኮሎ» ሲል ደስ ይላል ብላችሁ «ኮሎ» አትበሉት። አትሳቁበት፣ «ቆሎ በል!» ብላችሁም አታስጨንቁት። «አዎ፣ ቆሎ! ቆሎ ልስጥህ?» በሉት። በቃ።

ስልኩን ግን አንሺው። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ የ9 ወር ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል ቻይንኛ ከምትናገር ሰው ጋር ተጫውተው የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ሰው በቴሌቪዥን ያዩት ሌሎች ሕፃናት ግን ምንም አልያዙም። ቴሌቪዥን ልጁ «በበበ» ሲለው ዞር ብሎ አያየውማ! የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 ዓመት በታች ስክሪን አይመከርም ብሏል። ወጥ ስትሠሪ ከእሳቱ ራቅ አድርገሽ፣ በሚያይሽ ቦታ አስቀምጪው። «ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው፣ አይኔን አቃጠለኝ» በዪው። ሲመልስልሽ መልሺለት።

ያንቺ ልጅ «በበበ» ማለቱ ደግ ምልክት ነው። ለሌሎች አንባቢዎች ግን ልንገራችሁ። ልጃችሁ 10 ወር ሞልቶት እንደ «በበበ»፣ «ደደደ» ያለ ተከታታይ ድምፅ ካላወጣ ጆሮውን አስመርምሩ። የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት «አጉ» ይላል፤ ወላጅን የሚያታልለው ይሄ ነው። የ9 ወር ክትባት ስትሄዱም ገና ካልጀመረ ለነርሷ ንገሯት። «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» ብላ ብትሸኛችሁ እሺ ብላችሁ እንዳትመለሱ።

አማትሽ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ እኔ ብሆን ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ለባልሽ አስታቅፌ ገበያ እወጣ ነበር። ስትመለሺ በር ላይ ቆም ብለሽ አዳምጪ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ «በበበ» ማለቱ አይቀርም፤ ባልሽ ማለቴ ነው።