ጥቁሩን ለመስመሩ ቆጥቡለት፦ የወረቀት ምስል ለምትሠሩ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን፣ ለጠረጴዛ ጨዋታ ወይም የደሴውን የአይጠየፍ አዳራሽ ሞዴል በእንግዳ ለመሙላት ትንንሽ የሚቆሙ የወረቀት ሰዎችን የምትሠሩ እየበዛችሁ ነው። ሥራው ስክሪን ላይ ያምራል። ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ግን ግማሹ ድፍን ጥቁር ይሆናል፣ ግማሹ ደግሞ ነጭ ሆኖ ከዳራው ጋር ይጠፋል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ጥቁሩ ለልብሱም፣ ለጸጉሩም፣ ለጥላውም ተበትኖ ለመስመሩ የሚተርፍ ነገር የለም። ጥቁር የመስመር ብቻ ይሁን። ሌላው ሁሉ፣ ጸጉርም ቢሆን፣ ከጥቁር ፈካ ይበል።

የቆመ ሰው ቁመት በተለምዶ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 354 ፒክስል ያህል ብቻ ነው። በአራት እጥፍ፣ ማለትም በ120 ሚሊ ሜትር ብትሥሉት እጃችሁ ይፍታታል፤ ሲያንስ ግን መስመሩም አብሮ ለአራት ይካፈላል። የዳሩ መስመር በመጨረሻ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር እንዲወጣ፣ ስትሥሉት ከ3.2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ክንድን ከደረት፣ ነጠላን ከቀሚስ የሚለየው የውስጥ መስመር 0.3 ይበቃዋል፤ ሲሣል 1.2 መሆኑ ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር ሲደርስ አንድ ፒክስል ብቻ ስለሚሆን ተቆራርጦ ይወጣል። ሁለቱን መስመሮች እኩል ማወፈርም አይረዳም፤ ዓይን የቱ አካል የቱ እጥፋት እንደሆነ አይለይም።

የዳሩ መስመር የሚወፍረው ለውበት ብቻ አይደለም፤ መቀሱ የሚሄደው በመስመሩ መሃል ለመሃል ስለሆነ ነው። እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ብትስቱ አሁንም ጥቁር ነው፣ ወደ ውስጥ ብትስቱም ልብሱን አትነኩም። የጀርባው ሥዕል የፊቱ ግልባጭ ሆኖ አናቱ ላይ ታጥፎ በኮላ ሲጣበቅ ሁለቱ ልክ ለልክ የሚገጥሙበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያቺንም ልዩነት የሚሸፍናት ይኸው መስመር ነው። በእግሮች መካከል ወይም በክንድና በወገብ መካከል ያለ ከ3 ሚሊ ሜትር የጠበበ ክፍተት አይቆረጥ፤ በመስመሩ ጥቁር ይሞላ። ሌላ ቦታ ጥቁር ከሌለ ዓይን ያንን ባዶ ቦታ አድርጎ ያነበዋል። ዱላና ጦር ደግሞ ከነመስመራቸው ከ2 ሚሊ ሜትር አይቅጠኑ፤ ከቀጠኑ ይጎብጣሉ።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ ስክሪን ብርሃን ይረጫል፣ ወረቀት ግን ያገኘውን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ባልተለሰነ፣ ማለትም አንጸባራቂ ሽፋን በሌለው ወረቀት ላይ ቀለም ሰርጎ ስለሚሰፋ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር አረንጓዴና ቡናማ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆነው ቁጭ ይላሉ። ከ0 እስከ 100 በአሥር አሥር የሚጠቁሩ የግራጫ ሳጥኖችን በምትጠቀሙበት ወረቀትና ፕሪንተር አውጡ። ብዙ ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳጥኖች አይለዩም። የምትለዩት የመጨረሻ ሳጥን 70 ከሆነ፣ ከልብስም ከጸጉርም ማንም ከ70 አይለፍ። ሥዕሉንም ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይራችሁ እዩት፤ ካባውና ሱሪው አንድ ግራጫ ከሆኑ ቀለማቸው ቢለያይም ከአንድ ሜትር ርቀት አይለዩም።

በእኛ አገር የሚከብደው ነጩ ነው። ከሰኞ ገበያ አንዲት ሴት ልትሠሩ ነው እንበል። ነጠላዋን ቀለም አትቀቡት፤ የወረቀቱ ነጭ ይብቃው። እጥፋቶቹን ወደ ሰማያዊ ባዘነበለ ከ15 እስከ 25 ፐርሰንት ግራጫ በሦስት ወይም በአራት መስመር አሳዩ። ጥለቱን ልዝርዝር ካላችሁ ጭቃ ይሆናል፤ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጥቁር ቀይ ሰረዝ ይበቃል። ሹሩባው ጥቁር ቡናማ ሆኖ በላዩ ላይ ፈካ ያሉ ቀጫጭን ሰረዞች ይኑሩት፤ ካልሆነ ከዳሩ መስመር ጋር ተዋህዶ ጭንቅላቷ ቆብ የደፋች ይመስላል። የፊቷን ቡናማ ስክሪን ላይ ከወደዳችሁት አንድ ደረጃ አፍኩት፣ ከአገጯ ሥር ብቻ ጠቆር አድርጉ። ጭንቅላቱ 5 ሚሊ ሜትር ነውና ለዓይን ሁለት ነጥብ በቂ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ልሙጥ ቀለምን በጥቁር መስመር እየለዩ ከሩቅ የሚነበብ ምስል ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሄዳችሁ ልብ ብላችሁ እዩ፣ ከማንኛውም የዩቲዩብ ትምህርት ይሻላችኋል።

ፋይሉ ለማተሚያ ቤት የሚሄድ ከሆነ መስመሩ ከጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹ ሦስት የማተሚያ ቀለሞች፣ ሲያን (ሰማያዊው)፣ ማጄንታ (ሮዝማው ቀይ) እና ቢጫ፣ ዜሮ ይሁኑ። ከአራቱም የተቀላቀለ መስመር ቀለሞቹ ትንሽ ከተዛነፉ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። ኮፒ ቤት ስትሄዱ «ፊት ቱ ፔጅ» (ምስሉን ከገጹ ጋር አስማማ) የሚለው ምርጫ እንዲጠፋ አሳስቡ፤ ምስሉን ሳይነግራችሁ ያሳንሰዋል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም ይሁን። ፕሪንተሩ ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ኢንክጀት ከሆነ ሰፊ ጥቁር ቦታ ወረቀቱን አርጥቦ ያቆለምመዋል፣ ኮላ ሲነካውም ይለቃል። ሌዘር ከሆነ ደግሞ ቶነሩ (የዱቄት ቀለሙ) እጥፋቱ ላይ ይላጣል፤ ስለዚህ ከማጠፋችሁ በፊት በማስመሪያና ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ጫን ብላችሁ አስምሩ፣ የተላጠውን በማርከር ንኩት።

ከተቆረጠ በኋላ የወረቀቱ ውፍረት ነጭ ሆኖ ይታያል። ጥቁር ማርከር ያዙና በጫፉ ሳይሆን በጎኑ፣ ከጀርባ ወደ ፊት እየሳባችሁ ጠርዙን ብቻ አስነኩ። ኮላው ሳይደርቅ ከጀመራችሁ እርጥቡ ወረቀት ማርከሩን ጠጥቶ ፊቱ ድረስ ያደርሰዋል። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ ይህ የሁልጊዜ ችግር ነው፤ የተጣበቀውን ከመጽሐፍ ሥር አሳድሩት፣ ያልታተመውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ያላችሁት ተቃራኒው ነው የሚገጥማችሁ፤ ሙቀቱ ኮላውን ሁለቱን ገጽ ሳታገጥሙ ያደርቀዋል። ስለዚህ ኮላውን ስስ አድርጋችሁ አንድ ምስል ብቻ ቀቡ፣ ወዲያው በመስኮት ብርሃን ላይ አንስታችሁ የሁለቱን ገጽ ዳር አስተካክሉ፣ ከዚያ ተጫኑት።

ሙሉ ገጽ ከማሳተማችሁ በፊት አንዱን ብቻ አውጡ፤ ቁረጡት፣ ጠርዙን አጥቁሩት፣ ሊቀመጥበት ባለው ጨርቅ ወይም ካርቶን ላይ አቁማችሁ ከአንድ ሜትር ርቀት እዩት። ማን እንደሆነ ካልተለየ መስመሩን አታወፍሩ፤ ልብሱን አፍኩት።