ጣፋጩ የፈረንሳይ ነጭ ወይንና ምግቡ፦ ጥያቄና መልስ

ሶምሊዬው፦ እንደምን አመሻችሁ። ሥራዬ ቦርዶ ውስጥ ምግብ ቤት ወይን መምረጥና መቅዳት ነው። ዛሬ ስለ ጣፋጭ ነጭ ወይን፣ በተለይ እዚሁ ቦርዶ አቅራቢያ ስለሚሠራው ስለ ሶተርን ጠይቁኝ። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ ከወይኑ ይበልጥ ከሚጣፍጥ ኬክ ጋር አታቅርቡት። ኬኩ ያሸንፈውና ወይኑ ኮምጣጣ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሜሊ ከሊዮን፦ ጋሼ፣ ጣፋጭነቱ ከምን የመጣ ነው? ዋጋውስ ለምን እንዲህ ተሰቀለ?

ሶምሊዬው፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከወንዝ ነው። ሲሮን የሚባል ትንሽ ወንዝ ዛፍ በጋረደው መንገድ ቀዝቅዞ ይመጣና ሞቅ ካለው ጋሮን ጋር ይገናኛል። በመከር ወቅት ከመገናኛቸው ጉም ይነሳና እስከ ረፋድ ወይኑ ላይ ይተኛል። ጉሙ ቦትሪቲስ የሚባለውን ሻጋታ ያራባል፤ ከሰዓት ደግሞ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ሻጋታው የፍሬውን ቆዳ ይበሳሳዋል፣ ውሃው ይተናል፣ ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀራል። ፍሬው መጀመሪያ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ቀጥሎ ቡናማና ሐምራዊ ይሆናል፣ በመጨረሻ ጭምድድ ብሎ ግራጫ አቧራ የለበሰ ዘቢብ ይመስላል። ለቃሚዎቹ ዘለላውን እንዳለ አይቆርጡትም። የደረሰውን ብቻ በትንሽ መቀስ እየለዩ ይወስዱና ለቀሪው ሌላ ቀን ይመለሳሉ። ዝናብ ከበዛ ያው ሻጋታ ፍሬውን ተራ ብስባሽ ያደርገዋል፤ የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ሻቶ ዲኬም በ1855 እ.ኤ.አ. በወጣው የቦርዶ ወይኖች የደረጃ ምደባ ከሶተርኖች ሁሉ ለብቻው የበላይ ማዕረግ ያገኘ የወይን ጠማቂ ቤት ነው። እሱ እንኳ በ1992 እና በ2012 ጣፋጩን ወይን በስሙ አላወጣም። ከአንድ ተክል አንድ ብርጭቆ ቢያገኙ ነው። በርካሽ እንዴት ይሽጡት?

የቦሌ ልጅ፦ ጥሩ ወይን ጠቁመኝ።

ሶምሊዬው፦ ለማን? ከምን ጋር? በስንት?

ትዝታ፦ እኔ ለልጄ ልደት ከቸኮሌት ኬክ ጋር አስቤው ነበር።

ሶምሊዬው፦ እህቴ፣ መግቢያውን አንብቢ። አይሆንም።

ወንዴ፦ ታዲያ ከምን ጋር ይጠጣ?

ሶምሊዬው፦ ጨውና ስብ ፈልጉ። ሮክፎር የሚባለው፣ ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት የበግ ወተት አይብ አንደኛ ነው፤ ጨዉ በበረታ ቁጥር ወይኑ ይጥማል። የዳክዬ ጉበት፣ ማለትም ፉዋ ግራ፣ ፈረንሳዮች ለገና የሚያቀርቡት ነው። ለእኔ ግን ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ በምድጃ የተጠበሰ ዶሮ ይበልጥብኛል። ወይኑ ጣፋጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ጉንጭ ይሰለች ነበር። ኮምጣጣነቱ ነው ስቡን ጠርጎ ለሚቀጥለው ጉርሻ አፍ የሚከፍተው።

የጎጃሙ፦ ዶሮ ወጥ እያለ ጥብሱ ምን ያደርጋል? ጠጅ እያለስ ለሻጋታ ገንዘብ ማውጣት!

ሜሊ ከሊዮን፦ ዛሬ የሚሸጠው ጠጅ ስንቱ ስኳር ነው!

የጎጃሙ፦ እናቴ የምትጥለውን አልቀመስሽም።

አዳሙ፦ ማርና ጌሾን ከወይን ጋር ምን አገናኘው?

የጎጃሙ፦ ሁለቱም ያሰክራሉ።

ሶምሊዬው፦ ጠጁን ለሌላ ቀን ተዉልኝ። የዶሮ ወጡን ግን ልመልስ። ስኳር የበርበሬን ማቃጠል ያበርዳል፣ አልኮል ደግሞ ያባብሰዋል። ሶተርን 13 እና 14 በመቶ ስለሚደርስ ከሚፋጅ ወጥ ጋር አይስማማም። ከሎዋር ወንዝ አካባቢ፣ ሸነን ብላን ከሚባል የወይን ዝርያ የሚጠመቀውን ኮቶ ዱ ሌዮን ሞክር፤ ብዙ ጊዜ አልኮሉ ዝቅ ይላል። ለአልጫ ከሆነ ሶተርኑም ይሄዳል።

አዳሙ፦ በጾም ይጠጣል?

ሶምሊዬው፦ የነፍስ አባትህን ጠይቅ።

የቦሌ ልጅ፦ እሺ፣ ለአማቴ፣ ከተጠበሰ ዶሮ ጋር። ሶተርን ግን ከአቅሜ በላይ ነው።

ሶምሊዬው፦ አሁን ገባኝ። ቤርዥራክ አጠገብ የሚሠራውን ሞንባዚያክ ወይም ከጋሮን ማዶ ያለውን ሉፒያክ ግዛ። ሻጋታው ያው ነው፣ የወይኑም ዝርያ ያው ሴሚዮን ነው፣ ኪስ ግን አይጎዳም። ከፒሬኔ ተራሮች ሥር የሚመጣው ዡራንሶንም አለ፤ እዚያ ሻጋታ ሳይሆን ፍሬው ተክሉ ላይ እንዳለ ነፋስና ፀሐይ ያደርቁታል፣ ኮምጣጣነቱም ጎላ ያለ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ሴክ» የሚል ካየህ መልሰው፣ ጣፋጩ አይደለም። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ትዝታ፦ የፖም ታርትስ? ኬክ አይደለም እኮ።

ሶምሊዬው፦ ትዝታ! ስሙን ተይው። ከወይኑ ይበልጥ ይጣፍጣል ወይ? ስኳሩን ቀንሰሽ ከጋገርሽው ይሁንልሽ። ቸኮሌቱን ግን እርሺው።

ወንዴ፦ በረዶ ይጨመርበታል? ካላለቀስ?

ሶምሊዬው፦ በረዶ በጭራሽ። 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ቅዳው፤ በጣም ከቀዘቀዘ መዓዛው ይጠፋል። የተረፈው በደንብ ከተከደነ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። ለሁለት ሰው ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ 37.5 ሳንቲ ሊትር የሚይዘውን ግማሽ ጠርሙስ ግዛ።