ጥያቄና መልስ፦ ራሱን ብቻ የሚቆርጠው ፒሲኤስኬ9

ባለፈው ስለ ኮሌስትሮል ስናወራ የዚህ ፕሮቲን ስም ተነስቶ ጥያቄው በዛ። ያቅሜን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጂኑ የት ነው ያለው?

ክሮሞዞም 1 ላይ። ጂኑም ፕሮቲኑም የሚጠሩት በአንድ ስም ነው። ፕሮቲኑ 692 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በብዛት የሚያመርተው ጉበት ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ከሆነ ከኮሌስትሮል ጋር ምን አገናኘው?

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዘመዶቹ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይቆርጣሉ። እሱ እንደሚታወቀው የሚቆርጠው ራሱን ነው፣ ያውም አንዴ። ቁራጩ ደግሞ ወድቆ አይቀርም። መቁረጫው ላይ ተለጥፎ ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ስለት የለውም፣ ግን ሥራ አለው። የጉበት ሴሎች ላይ ኤልዲኤልን፣ ማለትም “መጥፎ” የምንለውን ኮሌስትሮል፣ ከደም የሚለቅሙ ተቀባዮች አሉ። ተቀባዩ ሸክሙን ሴሉ ውስጥ አራግፎ ለሌላ ዙር ይመለሳል። ፒሲኤስኬ9 ከተጣበቀበት ግን አይመለስም፤ እዚያው ይፈጫል። ለቃሚው ሲያንስ ኤልዲኤሉ ደም ውስጥ ይከማቻል።

ጥያቄ፦ እናቴ ቀጭን ናት፣ ቅባትም አትወድም። ኮሌስትሮሏ ግን ከፍተኛ ነው። ከዚህ ጂን ይሆን?

ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ኮሌስትሮል በዘር የሚጨምርባቸው ቤተሰቦች ላይ የዚህ ጂን ለውጥ ተገኝቷል። በዘር ከሚመጣው አብዛኛው ግን የተቀባዩ የራሱ ጂን ችግር ነው። የታይሮይድ ማነስም ኮሌስትሮል ይጨምራል፤ ትመርመር። በለጋ ዕድሜው በልብ ሕመም የተጠቃ ዘመድ ካላችሁ ለሐኪሟ ንገሪ፣ እህቴ።

ጥያቄ፦ ጂኑ ባይሠራስ?

ይሄን አሜሪካ ዳላስ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ከጥቁር አሜሪካውያን 2.6 በመቶ ያህሉ አንዱ የጂኑ ቅጂ የተበላሸባቸው ነበሩ። ኤልዲኤላቸው በ28 በመቶ፣ የልብ ደም ሥር በሽታቸው ደግሞ በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ቅጂ የማይሠራላት ሴት እንኳ ተገኝታለች። ኤልዲኤሏ በዴሲሊትር 14 ሚሊግራም ብቻ፣ እሷም ፍጹም ጤነኛ! የአፍሪካ ዘር ያላቸው ሰዎች በጥናት ውስጥ ባይካተቱ ኖሮ ይህ ፍንጭ ሊያመልጥ ይችል ነበር። ለዚህ ነው የኛም ሰው ዘረመል ይጠና እያልኩ የምወተውተው።

ጥያቄ፦ ፒሲኤስኬ9ን የሚይዘው መርፌ ካለ ስታቲኔን (የኮሌስትሮል ክኒኔን) ልተወው?

በራስዎ አያቁሙ፣ አባቴ። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት መርፌዎች፣ ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ፣ ፒሲኤስኬ9ን ደም ውስጥ ይይዙታል፤ ኤልዲኤልን በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ። ስታቲን ተቀባዮቹን ያበዛል፣ ግን ፒሲኤስኬ9ንም አብሮ ይጨምራል። መርፌው ያንን ስለሚይዝለት ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይታዘዛሉ። መርፌው ውድ ነው፤ ስታቲን ግን ርካሽ ነው፣ ለብዙ ሰው ደግሞ ብቻውን ይበቃል።