ጥያቄና መልስ፦ ሆን ተብሎ ተጋላጭ የሆነ የድረ ገጽ መለማመጃ ስለ መጫን

መላሽ፦ እንጀምር። የዛሬው ስለ ዲቪደብሊውኤ እና ስለ ኦዋስፕ ጁስ ሾፕ ነው፤ ሁለቱም ለማጥቃት ልምምድ ሆን ተብሎ ቀዳዳ የተተወባቸው ድረ ገጾች ናቸው። ስትጠይቁ ኦፐሬቲንግ ሲስተማችሁንና ስክሪኑ ላይ የወጣውን የስህተት መልእክት ሙሉውን ጻፉ። ከሁሉ በፊት ግን፦ የምታስነሱት ሁሉ 127.0.0.1 ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ለራሱ ብቻ በሚጠቀምበት አድራሻ ላይ ብቻ ይከፈት።

ከአራት ኪሎ፦ ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ኡቡንቱ። በየትኛው ልጀምር?

መላሽ፦ በዲቪደብሊውኤ፣ በዶከር (ፕሮግራምን «ኮንቴይነር» በሚባል የተከለለ ቦታ ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ)። የእያንዳንዱን ገጽ ኮድ እዚያው ያሳይሃል። ጁስ ሾፕ ይቆይ።

ከፒያሳ፦ የምለማመደው ካፌ ዋይፋይ ላይ ነው። ዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱን ፋየርዎል) አብርቼ ገቢውን ሁሉ ዘግቻለሁ፤ ችግር የለውም አይደል?

መላሽ፦ አለው እንጂ! ይህን ሁላችሁም አንብቡት። ዶከርን «ማይነስ ፒ 3000:3000» ብለህ ካስነሳኸው ፖርቱን 0.0.0.0 ላይ፣ ማለትም ላፕቶፕህ ባለው ኔትወርክ ሁሉ ላይ ይከፍተዋል። ዩኤፍደብሊው ገቢን የሚከለክለው በአይፒቴብልስ (በሊኑክስ የፓኬት ማጣሪያ) «ኢንፑት» ሰንሰለት ነው። ዶከር ደግሞ ፓኬቱ ገና ሲገባ «ፕሪራውቲንግ» ላይ መድረሻውን ወደ ኮንቴይነሩ ይቀይረዋል። ከዚያ በኋላ ፓኬቱ ለላፕቶፑ የመጣ ሳይሆን በእሱ በኩል የሚያልፍ ስለሚሆን በ«ፎርዋርድ» ይሄዳል፤ ያንተ ክልከላ አያገኘውም። ዩኤፍደብሊው ሁሉም ዝግ ነው ይልሃል፣ አጠገብህ ማኪያቶ የያዘው ሰው ግን ይገባል። ዲቪደብሊውኤ ላይ «ኮማንድ ኢንጀክሽን» የሚባል ገጽ አለ፤ የገባ ሰው በኮንቴይነሩ ውስጥ ያሻውን ትእዛዝ ያስኬዳል። ያለ ዶከር በዛምፕ (የዌብ ሰርቨርና የዳታቤዝ ጥቅል) ላይ ከጫንከው ደግሞ በራስህ ማሽን ላይ።

ስለዚህ «ማይነስ ፒ 127.0.0.1:3000:3000» በል። ከዚያ የትኛው ፖርት የት እንደተከፈተ በሚያሳየው «ኤስኤስ ማይነስ ቲኤልኤን» አረጋግጥ፤ ከፖርቱ ፊት 0.0.0.0 ካየህ አጥፍተህ እንደገና አስነሳ። የዶከርህ ስሪት ከ28.0.0 በታች ከሆነም አድሰው፤ በድሮዎቹ ስሪቶች በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው 127.0.0.1 ላይ የተከፈተውንም ሊደርስበት ይችል ነበር። በስልኬ ሞክሬ አልከፈተም ብለህ ደግሞ አትዘናጋ፤ አንዳንድ ዋይፋይ ተጠቃሚዎቹን እርስ በርስ ስለሚለያይ ነው።

ከሜክሲኮ፦ እኔ ጋ አልሠራም።

መላሽ፦ ምኑ?

ከስድስት ኪሎ፦ ዲቪደብሊውኤን ያለ ዶከር ዴቢያን ላይ ጫንኩት። ማዋቀሪያው ላይ ሩት (ዋናው ተጠቃሚ) ብዬ ስሰጠው ዳታቤዙ አያስገባም።

መላሽ፦ እህቴ፣ የዳታቤዙ የማሪያዲቢ ሩት የሚገባው በሊኑክሱ ሩት ማንነት እንጂ በይለፍ ቃል አይደለም፤ ፒኤችፒው የሚሠራው ደግሞ በዌብ ሰርቨሩ በአፓቺ ተጠቃሚ ነው። አዲስ ዳታቤዝና አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሪ፣ በዚያ ዳታቤዝ ላይ ሙሉ መብት ስጪው። መጨረሻው «ዲስት» የሆነውን የማዋቀሪያ ፋይል ያለ «ዲስት» ቅጂ አውጪለትና ስሙንና የይለፍ ቃሉን እዚያ አስገቢ። ከዚያ «ሴትአፕ» ገጽ ላይ ዳታቤዝ ፍጠር የሚለውን ተጫኚ። መግቢያው «አድሚን» እና «ፓስወርድ» ነው።

ከሜክሲኮ፦ አሁንም አልሠራልኝም።

መላሽ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ ከሆነ ልረዳህ አልችልም። ምን ጫንክ? ምን አየህ?

ከሜክሲኮ፦ ይቅርታ። ገጹ ይከፈታል፣ በርፕ (ብራውዘሩና ገጹ የሚላላኩትን ይዞ የሚያሳየው ፕሮክሲ) ላይ ግን ምንም አይታይም። ፋየርፎክስ ነው።

መላሽ፦ አሁን ገባኝ። ፋየርፎክስ ወደ ራሱ ማሽን የሚሄደውን በፕሮክሲ አያሳልፍም። «አባውት ኮንፊግ» ውስጥ «ሃይጃኪንግ» የሚል ቃል ያለበትን ፈልግና «ትሩ» አድርገው። ካልሆነ የበርፕን የራሱን ብራውዘር ተጠቀም።

ከአምባሳደር፦ ይህ ሁሉ ከሚሆን ቨርቹዋል ቦክስ (ሙሉ ኮምፒዩተርን በሶፍትዌር የሚያስኬድ) አይሻልም? ኮንቴይነር እኮ የማሽኑን ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ይጋራል።

ከአራት ኪሎ፦ በ4 ጊጋ ራም?

ከአምባሳደር፦ ሜታስፕሎይተብል 2 (ለልምምድ ተጋላጭ ሆኖ የተሠራ ቨርቹዋል ማሽን) ግራፊክ የለውም፤ 512 ሜጋ ይበቃዋል። ዲቪደብሊውኤም ውስጡ አለ።

ከፒያሳ፦ ማውረዱስ? ከ800 ሜጋ በላይ ነው፣ ፓኬጄን ይጨርሰዋል።

ከአምባሳደር፦ አንዴ ነው የምታወርደው።

መላሽ፦ የከርነሉ ነገር ትክክል ነው። የቨርቹዋል ቦክስን ኔትወርክ «ሆስት ኦንሊ» (ከላፕቶፑ ጋር ብቻ የሚያገናኝ) ካደረጋችሁት ጥሩ፤ «ብሪጅድ» (በቀጥታ ዋይፋዩ ላይ የሚያስገባ) ካደረጋችሁት ግን ከ0.0.0.0 አይለይም። ፓኬጅ ለመቆጠብ አንዳችሁ አውርዱና በ«ዶከር ሴቭ» ፍላሽ ላይ አውጡት፣ ሌላው በ«ዶከር ሎድ» ይጫነው። የፕሮሰሰሩ ዓይነት አንድ ይሁን ብቻ።

ከስድስት ኪሎ፦ መብራት ሲጠፋ የጁስ ሾፕ ውጤቴ አብሮ ይጠፋል?

መላሽ፦ ዳታቤዙ ሲነሳ ከዜሮ ይጀምራል፤ ውጤቱ ግን ኩኪ ላይ ስለሚቀመጥ በዚያው ብራውዘር ስትከፍቺው ይመለሳል። በፕራይቬት መስኮት አትሥሪ።

ከአራት ኪሎ፦ ዲቪደብሊውኤ ውስጥ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (በሳጥኑ በኩል የዳታቤዙን መጠይቅ መቀየር) «ሎው» ደረጃ ላይ ነጠላ ጥቅስ አስገብቼ 5ቱንም ተጠቃሚዎች አወጣሁ። «ሚዲየም» ላይ ግን ሳጥኑም የለም።

መላሽ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ። ሳጥኑ በምርጫ ዝርዝር ተተክቷል፣ ጥያቄውም በ«ፖስት» ይላካል፤ ስለዚህ በበርፕ ይዘህ ቁጥሩን እዚያ ቀይረው። አሁን ኮዱን ክፈት። የገባውን ጥቅስ ያመክነዋል፣ ግን መጠይቁ ውስጥ ቁጥሩ ራሱ በጥቅስ አልታጠረም። መውጫ አጥር ከሌለ ጥቅስ ለምን ያስፈልግሃል? «1 ኦር 1=1» ይበቃል። ከዚያ «ኢምፖሲብል» ላይ ያለውን ኮድ አጠገቡ አድርገህ አንብብ፦ ቁጥር መሆኑን ያጣራል፣ መጠይቁን አስቀድሞ አዘጋጅቶ እሴቱን ለብቻው ያስገባል። የሎውን ኮድ በራስህ እጅ እንደዚያ አድርገህ ጠግነውና እንደገና አጥቃው። ሰብሮ ብቻ ወደ ቀጣዩ ገጽ መሮጥ ግማሽ ትምህርት ነው።

ከሜክሲኮ፦ ይህንኑ መሥሪያ ቤታችን ሲስተም ላይ ብሞክረውስ?

መላሽ፦ አይሆንም። ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስከስሳል። የቃል ፈቃድ አይበቃህም፣ በጽሑፍ ይሁን።

ከፒያሳ፦ እሺ፣ ሰርቨር ተከራይቼ ብጭነውስ? ጓደኞቼም ይለማመዱበታል።

መላሽ፦ 127.0.0.1 ያልኩት እዚያም ይሠራል። ሰርቨሩ ላይም ለራሱ ብቻ ክፈተው። ጓደኞችህ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት ግንኙነት) «ማይነስ ኤል 3000:127.0.0.1:3000» ብለው ይግቡና በየራሳቸው ብራውዘር 127.0.0.1:3000 ይክፈቱ።