መሣሪያው ከመለዋወጫው ሲበልጥ

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩትን ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 ሞተር ሳይክል ሞተሩን ራሴ ፈትቼ ማደስ ጀምሬአለሁ። ፒስተንና ፋሻ ከውጭ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ያስጨነቀኝ የመሣሪያው ወጪ ነው። ለዚህኛው ብሎን አንድ መፍቻ፣ ለዚያኛው ጥርስ ሌላ ፑለር (መንቀያ) እየተባለ ያወጣሁት ገንዘብ ለመለዋወጫ ካሰብኩት በልጧል፤ ሞተሩ ግን ገና በግማሽ እንኳ አልተፈታም። ሙሉ የመሣሪያ ሣጥን ብገዛ ይሻለኛል ወይስ ሥራውን ለጋራዥ ልስጥ?
አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ሣጥኑንም አይግዙ፣ ሞተሩንም ሙሉ በሙሉ ለጋራዥ አያስረክቡ። ወጪው የተቆለለብዎት ሥራው እጅግ ብዙ መሣሪያ ስለሚፈልግ ሳይሆን፣ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው መሣሪያ ለዚህ ሞተር ያልተሠራ በመሆኑ ይመስለኛል።

ኤም 20 የእንግሊዝ ሥራ እንደ መሆኑ ብሎኖቹ በሚሊ ሜትር የተለኩ አይደሉም፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ልክና ከእርሱ በኋላ የመጡትን የእንግሊዝ ልኮች የሚከተሉ ናቸው። በዊትዎርዝ መፍቻ ላይ የታተመው ቁጥር የብሎኑን ግንድ ውፍረት በኢንች እንጂ የመፍቻውን አፍ ስፋት አይናገርም። ስለዚህ 1/4 የሚል መፍቻ አፉ 13.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 13 ቁጥር መፍቻ በብሎኑ ራስ ላይ አይገባም፣ 14 ቁጥር ደግሞ ይገባና የብሎኑን ማዕዘን ይበላዋል። 3/16 የሚለው 11.3፣ 5/16 የሚለው 15.2 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ በእነዚህም ላይ የሚደርሰው ያው ነው። 3/8 ግን 18 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ያለዎት 18 ቁጥር ይበቃዋል። እንግዲህ በእርግጥ መግዛት የሚገባዎት እነዚያን ሦስቱን ነው፤ በእነርሱ ላይ ግን አይሰስቱ፤ ማዕዘኑ የተበላ ብሎን ከነጥርሱ ሲበላሽ የሚያስከትለው ወጪ ከመፍቻው ዋጋ ይበልጣልና።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶ ብርን አልፏል። ከውጭ የሚመጣ መሣሪያም በዚያው ልክ ተወድዷል። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት ምናለሽ ተራ ወርደው አሮጌ መሣሪያ ከሚደረድሩት ነጋዴዎች ዘንድ የእንግሊዝ መፍቻ ይፈልጉ፤ የድሮ ላንድ ሮቨር ይጠግኑ የነበሩ አንጋፋ መካኒኮችንም ይጠይቁ፤ የመጀመሪያዎቹ ላንድ ሮቨሮች ብሎን በዚሁ መፍቻ የሚፈታ ስለነበር መሣሪያው በአንዳንዶቹ እጅ ሊኖር ይችላል። ከሁለቱም ካጡ ግን ፒስተኑን ከሚያመጣልዎት ሰው ጋር አብሮ እንዲመጣ ያድርጉ።

ፑለርን በተመለከተ አንድም አይግዙ። ማግኔቶውን (ለሞተሩ ማቀጣጠያ ብልጭታ የሚሰጠውን ክፍል) የሚያዞረው ጥርስ በሾጣጣ ዘንግ ላይ ተጠብቆ የተቀመጠ ስለሆነ በካቻቪቴ እየጎረጎሩ ለማውጣት መሞከር ዘንጉን ያጎብጣል፤ ይሁንና ይህን የሚነቅለውን መሣሪያ ልኩን ከሰጡት ማንኛውም ጥሩ ቶርኖ ቤት ከወፍራም ብረትና ከአንድ ጠንካራ ብሎን ይሠራልዎታል። የቫልቭ ስፕሪንግ መጫኛውንም በዚሁ ዓይነት ማሠራት ይቻላል።

የመለኪያ መሣሪያዎች ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ማይክሮ ሜትርና የሲሊንደር መለኪያ ውድ ናቸው፤ እርስዎ የሚጠቀሙባቸው ምናልባት አንድ ጊዜ ነው፤ ልምድ በሌለው እጅም ትክክለኛ ልክ አይሰጡም። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት ሲሠራ 82 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ምን ያህል እንደ ሰፋ የሚያሰፋው ወርክሾፕ ራሱ ይለካዋል። አዲሱ ፒስተን እጅዎ ሳይገባ ግን ሲሊንደሩን አያሰፉ፤ የሚሰፋው በፒስተኑ ልክ ነውና።

ቶርክ ሬንች (ብሎን በተወሰነ ኃይል የሚያጠብቅ መፍቻ) ከጓደኛ ወይም ከጋራዥ ለአንድ ቀን ተውሰው ሊሠሩበት የሚችሉት ስለሆነ አይጨነቁበት።

በእውነት ለባለሙያ መተው ያለበት ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኑን መመላለስ ወደ ዙረት የሚለውጠው ዘንግ) ነው። ሁለት ከባድ ዲስኮች በፒን ተጣምረው የሚሠራ በመሆኑ፣ አንዴ ከተለያየ በኋላ መልሶ ቀጥ ማድረግ ማሽንና ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዛባትን የሚለካ መሣሪያ) ይጠይቃል። ነገር ግን ከመክፈል በፊት አንድ ነገር ይፈትሹ፦ ሲሊንደሩ ከወጣ በኋላ ቢዬላውን (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ወደ ላይና ወደ ታች ይሳቡት። ወደ ጎን ትንሽ ቢንቀሳቀስ ችግር የለውም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ምንም የማይላወስ ከሆነና ሲያዞሩትም ሸካራነት ካልተሰማዎት ክራንክ ሻፍቱን አያስፈቱት።